ተጨማሪ መረጃ፦ እርጎና የማረጋጊያ መድኃኒት

ዲያዜፓምን የመሰለ ማረጋጊያ ለወራት የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቋርጠው እንቅልፍ ማጣት፣ መንቀጥቀጥና ጭንቀት፣ አንዳንዴም እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊገጥመው ይችላል። መድኃኒቱ አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ ኬሚካል ሥራ ያጎላል፤ አንጎልም ይህን እገዛ ይለምዳል።

የአንጀት ባክቴሪያ እዚህ ውስጥ ምን አገባው? እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአይጥ ጥናት አንድ የላክቶባሲለስ ዝርያ የአንጎልን ጋባ ተቀባዮች እንደለወጠና ጭንቀትን እንደቀነሰ አሳየ። ከአንጀት ወደ አንጎል የሚዘልቀው የቬገስ ነርቭ ሲቆረጥ ግን ውጤቱ ጠፋ። ያው ባክቴሪያ በጤናማ ወንዶች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ውጤት ከማስመሰያ መድኃኒት አልተሻለም። ስለዚህ ተመሳሳይ ባክቴሪያ ስላለው ብቻ እርጎ የማረጋጊያን ሱስ ይፈውሳል ማለት አይቻልም።

ጥሩ ምግብ መሆኑ ግን አይካድም። በላሞቹ በታወቀው በፎገራ የሚረጋው እርጎ ሕያው ባክቴሪያ አለው። ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ ሊያስተላልፍ ስለሚችል አፍልቶ ማርጋት ይመረጣል። የእንጀራ ሊጥም ሕያው ባክቴሪያ ነበረው፤ ምጣዱ ይገድለዋል። በጾም ወራት እርጎ ሲቀር ታዲያ ጤፍ፣ ሽሮና ምስር የአንጀት ባክቴሪያ የሚመገበውን አሰር ይሰጣሉ።

ወደ መጠጥ ስንመጣ፣ ከአቦል ሳያልፉ መነሣት ነውር ቢመስልም፣ እንቅልፍ ላጣ ሰው የማታ ቡና ጠላት ነው። ከሁሉ የሚከፋው «እንቅልፍ ያመጣልኛል» ብሎ ጠላ ወይም አረቄ መጠጣት ነው፦ አልኮል የሚሠራው በእነዚያው የጋባ ተቀባዮች ላይ ስለሆነ ከመድኃኒቱ ጋር ሲደመር ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል። የመድኃኒቱን መጠን ደረጃ በደረጃ የሚቀንሰው ሐኪም ነው፤ ፌኖባርቢታል ለሚወስድ የሚጥል በሽታ ታማሚም እንዲሁ።