ተሽከርካሪያችን ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጣ

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚያወጣውን ዳገት የሚያውቅ ሁሉ፣ ጭነት የያዘ መኪና በዚያ ላይ ሲደክም ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ይረዳል። ለምንጭ ማጎልበት ሥራ የውኃ ቧንቧ ጭነን ስንጓዝ፣ ባለናፍጣ ፒካፓችን በዳገቱ እኩሌታ ላይ ከሁለተኛ ማርሽ ማለፍ ተሳነው፤ በሜዳ ግን እንከን አልታየበትም ነበር። ያሳየነው ጋራዥ የነዳጅ ፖምፓው ተፈትቶ መታደስ አለበት አለ። ወጪው ተፈቀደ፤ ፖምፓውም ታደሰ። በሚቀጥለው ጉዞ መኪናው እዚያው ዳገት ላይ እንደገና ደከመ። በመጨረሻ የተገኘው ምክንያት በነዳጅ ታንኩ ውስጥ፣ ናፍጣ በሚስበው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ወንፊት በደለል መደፈኑ ነበር። መፍትሔውም ታንኩንና ወንፊቱን ማጠብ ብቻ ሆነ።

ጥፋቱ የጋራዡ ብቻ አልነበረም። እኛም ሾፌሩን «መቼ ጀመረው? ነዳጁን ከየት ቀዳችሁት?» ብለን ሳንጠይቅ ምእመናን ያዋጡትን ገንዘብ እንዲወጣ ፈቅደናል። ቢጠየቅ ኖሮ፣ ችግሩ የጀመረው ከበርሜል ከተቀዳ ናፍጣ በኋላ መሆኑን ይነግረን ነበር። የሰበካ ጉባኤያትና የልማት ኮሚቴዎች ተመሳሳይ ወጪ እንዳይገጥማቸው ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ለምን ዳገት ላይ ብቻ?

መኪና በሜዳ ሲሄድ ከሞተሩ ጉልበት ጥቂቱን ብቻ ይጠቀማል። ስለዚህ የአየር ወይም የነዳጅ እጥረት ቢኖርም አይታወቅም። ዳገት ግን ሞተሩ ያለውን ሁሉ እንዲያወጣ ስለሚጠይቅ የተሰወረው ጉድለት ይገለጣል።

ሁሉም ድካም ግን ብልሽት አይደለም። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ 70 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያ ከፍታ የሚያገኘው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ብልሽት መኖሩን የሚያሳየው ንጽጽር ነው፤ ያው መኪና፣ ያንኑ ጭነት ይዞ፣ ያንኑ ዳገት ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ ከነበረና አሁን ካቃተው፣ ምክንያቱ ሊፈለግ ይገባል።

ምልክቶቹ ምን ይናገራሉ?

የመጀመሪያው ጥያቄ የሞተሩን ድምፅ ይመለከታል። የሞተሩ ዙር እየጨመረ መኪናው ካልፈጠነ፣ ጉልበቱ ወደ ጎማ አልደረሰም ማለት ነው። ይህ በአብዛኛው ፍሪሲዮን ማለቁን ያመለክታል፤ የተቃጠለ ሽታም ያጅበዋል። በአንጻሩ የሞተሩ ዙር አብሮ ከወረደ ሞተሩ ራሱ አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ወይም የሚይዘው ነገር አለ።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ጭስ ነው። ባለናፍጣ መኪና ከወትሮው የበዛ ጥቁር ጭስ ካወጣ፣ ከነዳጁ ጋር የሚመጣጠን አየር አላገኘም፤ የአየር ማጣሪያው፣ ወደ ሞተሩ የሚያስገቡት የአየር ቱቦዎችና ቱርቦው ይታዩ። ጉልበት እያጣ ጭስ ካልጨመረ ደግሞ ነዳጅ እንዳነሰው ይጠረጠራል፤ የነዳጅ ማጣሪያው፣ በውስጡ የተጠራቀመ ውኃ፣ የታጠፈ ቱቦና የታንኩ ወንፊት በቅደም ተከተል ይመርመሩ። የታንኩ ክዳን ሲከፈት አየር በኃይል ከሳበና ጉልበቱ ከተመለሰ፣ የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል ያሳያል፤ ይህ የመካኒክ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ፍሬን ነው። ፍሬን ሳይበዛ ከተጓዙ በኋላ የአንዱ ጎማ ቸርኬ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ፣ ፍሬኑ ሳይለቅ እየያዘ ነው። ሙቀቱን እጅን በማቅረብ ብቻ መለየት ይቻላል፤ መንካት ያቃጥላል።

በቤንዚን መኪና ላይ በተጨማሪ ካንዴላና የነዳጅ ፓምፕ ይታያሉ። ዘመናዊ መኪኖች ደግሞ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ ሞተሩን ለመጠበቅ ጉልበቱን ራሳቸው ሊቀንሱ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ከማንኛውም ሥራ በፊት በኮምፒውተር ይመርመሩ።

ከቀላሉ መጀመር

የአየር ማጣሪያን አውጥቶ ማየት፣ ከነዳጅ ማጣሪያው ሥር ውኃውን ማፍሰስና ማጣሪያውን በጊዜው መለወጥ ሾፌር ወይም የአካባቢ መካኒክ የሚሠራው ነው። የወረቀት አየር ማጣሪያ በውኃ አይታጠብም፤ አቧራው በቀላል አየር ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋል፣ ከተቀደደ ይለወጣል። በጠጠር መንገድ የሚሠራ መኪና ከአስፋልቱ ይልቅ ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት። የናፍጣ ማጣሪያ ከተለወጠ በኋላ በመሥመሩ የቀረው አየር በእጅ ፖምፓ ይወጣል። ናፍጣ ከበርሜል መቅዳት ግድ ከሆነ፣ በርሜሉ ሳይነቃነቅ ያድር፤ ከሥሩ ያለው አይቀዳ፤ ሲቀዳም ይጣራ። እነዚህ ሁሉ ከታዩ በኋላ ችግሩ ካልተፈታ ስለ ፖምፓና ኖዝል መነጋገር ይገባል።

ዳገት ላይ እያሉ

ጉልበት ሲያጥር ሾፌሩ ሞተሩ እስኪጨነቅ ሳይጠብቅ ማርሽ ይቀንስ። የሙቀት መለኪያው ከወጣ ደህና ቦታ ላይ ይቁም፤ የራዲያተር ክዳን በግለቱ አይከፈት። ሲቆም የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ከጎማው ሥር ታኮ ይደረግ፣ ተሳፋሪዎችም ወርደው ከመንገዱ ዳር ይራቁ። ከመኪናው ኋላ ቆሞ መግፋት ሕይወት ያስከፍላል። ዳገት የማይወጣ መኪና በሰውና በጭነት ተሞልቶ መላክ የለበትም።

ለኮሚቴዎች

ለእያንዳንዱ ተሽከርካሪ ነዳጅ የተቀዳበት ቀንና ቦታ፣ ማጣሪያ የተለወጠበት ኪሎ ሜትርና የታየ ችግር የሚጻፍበት አንድ ደብተር ይኑር። ከፍተኛ ጥገና ሲጠየቅ ጋራዡ ምን መርምሮ እዚያ እንደደረሰ በጽሑፍ ያቅርብ፤ የተለወጠው አሮጌ ዕቃም ይመለስ። ከሁሉ በፊት ግን ሾፌሩ ይደመጥ። እኛ መልሱን ከጎናችን ተቀምጦ ከነበረ ሰው ሳንጠይቅ በመቅረታችን የከፈልነው ዋጋ ለሌሎች ማስተማሪያ ይሁን።