ግንቡ ከመነካቱ በፊት ማን ይጠየቅ?

ምን አለሽ ተራ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው። መርካቶ ውስጥ አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምድጃ በሚሆንበት በዚህ ሰፈር እኔም ጥያቄ ይዤ ገባሁ፤ ያረጀ የጎርፍ መውረጃ ግንብ ሲጠገን የሰፈሩ ሠራተኛ ሐሳቡን ይጠየቃል ወይ? አንድ ቀጥቃጭ አባት ስለ ክረምት ሳነሳባቸው ውሃው የሚገባበትን በኩል በመዶሻቸው ጠቆሙኝ።

ሕጉ ይጠየቅ ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 92 ሕዝቡ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት ሰጥቶታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ደነገገ። እርግጥ ሁሉም ጥገና ሙሉ ጥናት አይጠይቅም።

ታዲያ መጠየቁ ምን ይጠቅማል? የድንጋይ ግንብን ብዙ ጊዜ የሚጥለው ከጀርባው የሚጠራቀም ውሃ ነው። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ በላስቲክና በደለል ሲደፈኑ ግንቡ ይገፋል፣ ይሰነጠቃል። ውሃው የት እንደሚተኛ፣ የተቃጠለ ዘይት የት እንደሚደፋ ደግሞ በየክረምቱ ዕቃውን የሚያሸሽ ሰው ያውቃል። ቁፋሮው ሲጀመር የት ሄዶ እንደሚሠራም የሚያሳስበው እሱን ነው።

ከተቆፈረ በኋላ የሚሰማ አስተያየት እኮ እሮሮ ነው። ጥያቄው ይቅደም፣ ዶማው ይከተል።