የተራራ ብስክሌት ለሚገዙ ቤተ ሰቦች፤ ስለ ፍሬንና ስለ መንኰራኵር ምክር

በቅሎ የሚገዛ ሰው መልኳን ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይቈጥርም። ሰኰናዋን ያነሣል፤ ጥርሷን ይመለከታል፤ ለልጓም መታዘዟንም በቍልቍለት ነድቶ ይፈትናል። ይኸው አስተዋይ ሰው ግን ለልጁ የተራራ ብስክሌት ሊገዛ በሄደ ጊዜ፥ ብዙውን ጊዜ የሚያየው ቀለሙንና የማርሹን ብዛት ነው። በገደል አፋፍ ላይ የልጁን ሕይወት የሚጠብቁት ፍሬኑና መንኰራኵሩ ስለ ሆኑ፥ ስለነዚህ ሁለት ነገሮች ለአባቶችና ለእናቶች ጥቂት ልንናገር ወደናል።

የነገሩን ክብደት የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፥ ፌርፋክስ በምትባለው ከተማ አጠገብ፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1976 ዓመት፥ ጥቂት ወጣቶች በአሮጌ ብስክሌቶች ከተራራ የመውረድ እሽቅድድም ጀመሩ። መንገዱ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል የማይሞላ ሲሆን፥ ቍልቍለቱ ግን 400 ሜትር ያህል ነበረ። የብስክሌቶቹ ፍሬን በኋላው መንኰራኵር እምብርት ውስጥ ያለ፥ ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዝ ነበረ። አንድ ጊዜ ወርደው ሲጨርሱ እምብርቱ ከመጋሉ የተነሣ በውስጡ ያለው ግራሶ እየጨሰ ያልቅ ስለ ነበረ፥ ፈትተው አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ሆነባቸው። ስለዚህ እሽቅድድሙ «ሪፓክ» ተባለ፤ ትርጓሜውም ዳግመኛ መሙላት ማለት ነው። ከተወዳዳሪዎቹም አንዱ ጆ ብሪዝ በ1977 ዓመት ለተራራ የሚሆን አዲስ ብስክሌት ሠራ። ከዚህ የምንማረው፥ ፍሬን ማለት የሩጫን ኀይል ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ መሆኑንና፥ ሙቀቱን የማይችል ፍሬን በጭንቅ ሰዓት የሚከዳ መሆኑን ነው።

ዛሬ በገበያ የሚገኘው ፍሬን በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ በጎማ የሚጨብጥ ነው። ዋጋው ርካሽ፥ ጥገናውም ቀላል ነው። ነገር ግን ጭቃና አሸዋ በመካከሉ ሲገባ እንደ ሞረድ ሆኖ ቸርኬውን ይበላዋል፤ ግድግዳው የሳሳ ቸርኬም በአየሩ ግፊት ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ በብዙ ቸርኬዎች ላይ የተበጀው የምልክት ጭረት ወይም ነጥብ ሲጠፋ፥ ቸርኬው ሳይውል ሳያድር ይለወጥ። ሁለተኛው በእምብርቱ ጎን የታሰረውን ዲስክ የሚጨብጥ ነው። ይህ ከጭቃው ራቅ ያለ ስለ ሆነ በዝናም ጊዜ የበለጠ ይታመናል፤ የሚያልቀውም ዲስኩና ሸራው እንጂ ቸርኬው አይደለም።

የዲስክ ፍሬን በገመድ የሚሳብ ወይም በዘይት የሚገፋ ይሆናል። በዘይት የሚሠራው በአንድ ጣት ብቻ ብርቱ ኀይል ይሰጣል፤ ነገር ግን ፋብሪካው ካዘዘው ዘይት በቀር ሌላ ቢጨመርበት በውስጡ ያሉት ጎማዎች ይበላሻሉና ጥንቃቄ ይሻል። ሠሪ በሩቅ ለሚገኝበት ቤተ ሰብ፥ በገመድ የሚሳበው በቀላል መፍቻ ስለሚስተካከል ይመረጣል። ከሸራዎቹም መካከል ከብረት ዱቄት የተጋገረው በጭቃና በረጅም ቍልቍለት ብዙ ጊዜ ይቈያል፤ በሙጫ የተጋገረው ግን ድምፁ ዝግ ያለ፥ ለዲስኩም የሚራራ ነው። የብረቱን ሸራ የማይቀበሉ ዲስኮች ስላሉ፥ በዲስኩ ላይ የተጻፈውን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል። ከባድ ሰው የሚቀመጥበት ከሆነ፥ ብስክሌቱ የሚፈቅድ እንደ ሆነ፥ ከ160 ሚሊ ሜትር ዲስክ ይልቅ የ180 ወይም የ203 ይሻላል፤ ሰፊው ዲስክ ኀይሉ ይበረታል፥ ቶሎም ይቀዘቅዛል። የሺማኖ ፋብሪካ 1.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዲስኩ 1.5 በደረሰ ጊዜ፥ ሸራውም ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲቀረው እንዲለወጥ ያዛል። ዘይት የነካው ሸራ ግን ቢወፍርም አይታመንም።

ስለ መንኰራኵርም፥ ቅለትን ከመሻት ጥንካሬን መሻት ይበልጣል። ቸርኬው ግድግዳው ድርብ የሆነ አሉሚንየም፥ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች የማይዝግ ብረት፥ ቍጥራቸውም 32 ቢሆን መልካም ነው፤ ሽቦው የበዛ መንኰራኵር አንዱ ቢሰበር እንኳ ቶሎ አይጣመምምና። ሽቦዎቹን የሚያጠብቁት ትናንሽ ብሎኖች ከአሉሚንየም ይልቅ ከነሐስ ቢሆኑ እርጥበትን ይችላሉ። የእምብርቱ ኩሽኔታ የታሸገ ከሆነ ውሃ በቀላሉ አይገባበትም፤ ሲያልቅ እንዳለ ይለወጣል። ክፍት ጥይቶች ያሉት ደግሞ እየተፈታ ከታጠበና ግራሶ ከተቀባ ብዙ ዘመን ያገለግላል።

በሱቁ ደጃፍ ገንዘብ ሳይከፈል ሦስት ነገሮች ይፈተኑ። መንኰራኵሩ ሲሽከረከር ወደ ጎን እንዳይወላገድ ይታይ፤ ቸርኬው ተይዞ ግራና ቀኝ ሲነቀነቅ እምብርቱ እንዳይላላ ይመርመር፤ የፍሬኑ እጀታ በኀይል ተጨብጦ ሲቈይ እስከ መሪው እንዳይደርስ ይረጋገጥ። የልጁም ጣት እጀታውን ያለ ጭንቅ መድረስ አለበት፤ የማይደረስበት ፍሬን እንደሌለ ይቈጠራልና። ገንዘብ ያነሰ እንደ ሆነ ከማርሹ ብዛትና ከቀለሙ ይቀነስ እንጂ፥ ልጅን በደኅና ወደ ቤቱ ከሚመልሰው ነገር አይቀነስ።