ኮምፒውተር ለጥገና ሲላክ የሕዝብን መዝገብ ስለ መጠበቅ

በአሰላ ዙሪያ ባሉት በጢዮ፣ በሄጦሳና በዲገሉና ጢጆ ወረዳዎች ስንዴና ገብስ የሚያመርተው ገበሬ የመሬቱን ስፋትና ዕዳውን ለመዝጋቢ ማስጻፍ ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆነው። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. ተቋቁሞ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ሲያከፋፍል፣ ሥራው ሁሉ በትክክለኛ መዝገብ ላይ የቆመ ነበር። ዛሬ መዝገቡ በሣጥን የሚቈለፍ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ በኮምፒውተር ውስጥም ይኖራል። ስለዚህ ዕቃው ሲበላሽ የገበሬው ጕዳይ አብሮት ወደ ጠጋኝ ሱቅ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የተሰረዘ ጽሕፈት የጠፋ ይመስለዋል። ነገር ግን መሰረዝ ብዙ ጊዜ የመጽሐፍን ማውጫ እንደ መቅደድ ነው፤ ገጾቹ በሌላ ጽሕፈት እስኪሸፈኑ ድረስ በቦታቸው ይቈያሉ። የመግቢያው የይለፍ ቃልም ብቻውን አይበቃም፤ ዲስኩ ተፈትቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካ ይነበባልና። ይህን የሚከለክለው ዲስኩን በሙሉ በምስጢር ቍልፍ መዝጋት ነው።

እንግዲህ ሹሙ ከመላኩ በፊት ይህን ሊያደርግ ይገባዋል።

1ኛ፤ መዝገቡን በሌላ ዲስክ ገልብጦ፣ ግልባጩ በትክክል መከፈቱን መርምሮ፣ በመሥሪያ ቤቱ ቈልፎ ያስቀምጥ።

2ኛ፤ የተበላሸው መስተዋቱ፣ የፊደል ገበታው ወይም ባትሪው ከሆነ፣ ዲስኩ የሚፈታ እንደሆነ አስፈትቶ ያስቀር።

3ኛ፤ ዲስኩ የማይፈታ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ገና ሲሠራ ቢትሎከርን በመሰለ መሣሪያ ይዝጋው። ባለ 48 አኃዙን የማስመለሻ ቍጥር ለብቻው ይጠብቅ፤ ዋናው ሰሌዳ ሲለወጥ ይጠየቃልና።

4ኛ፤ የይለፍ ቃሉን ለጠጋኙ አይንገር፤ መፈተኛ ቢያስፈልግ መዝገብ የሌለበት ሌላ መግቢያ ይክፈትለት። የዕቃውንና የዲስኩን ቍጥር የያዘ ደረሰኝም ይቀበል።

5ኛ፤ ዲስኩ ራሱ ተበላሽቶ ቢለወጥ፣ አሮጌውን መልሶ ይረከብ፤ ለጠጋኙ የሞተ የሚመስለው ዲስክ ለሌላ ባለሙያ ሊናገር ይችላል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 የሰውን መረጃ የያዘ ሁሉ ካልተፈቀደለት እጅ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ከሕጉም ሌላ ትልቅ ምክንያት አለ። ወሰን የሚከራከረው ጎረቤት የገበሬውን ዕዳና ይዞታ ከሱቅ ካወቀ፣ ገበሬው በሚመጣው ዓመት ለመዝጋቢው እውነቱን አይናገርም። እውነት በሌለበት መዝገብ የሚታዘዝ ዘርና ማዳበሪያም ወይ ይጐድላል ወይ ይተርፋል፤ ጕዳቱም በመላው ወረዳ ላይ ይደርሳል።