የማር አገር መንገድ፦ ከላሊበላ እስከ ሰቆጣ በአንድ ቀን

በኅዳር ማለዳ ከላሊበላ ወደ ሰሜን የሚነሣ መኪና መንገድ ላይ እየቆመም ቢሆን ሳይመሽ ሰቆጣ ይገባል። በመስከረም ተራራውን ቢጫ ያለበሰው አደይ አበባ በዚህ ጊዜ ረግፏል፤ ንቦች ከአበባው የቀሰሙት ግን በየቀፎው ተቀምጧል። የማር ቆረጣው ወቅት ነው። በየመንደሩ በጭቃና በእበት የተለሰነው ባህላዊ ቀፎ ይከፈታል፣ ቤቱ በጢስና በማር ሽታ ይሞላል። በመኪናው ያሉት እንግዶች ግን የሚያስቆማቸው ነገር ካላገኙ ይህን ሁሉ በመስኮት አይተው ያልፋሉ። ሰቆጣ ያድራሉ፣ በማግስቱ ይመለሳሉ። ለመንገድ ዳሩ አርሶ አደር የሚተርፈው የመኪናው አቧራ ብቻ ነው።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን መንገድ አርሶ አደሩ ከተጠቀመበት ቆይቷል። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1935 የተከፈተው የወይን መንገድ አንዱ ምሳሌ ነው። በዚያን ጊዜ የወይን ምርት ተትረፍርፎ ገዥ አጥቶ ነበር። ምርቱን ጭኖ ገበያ ከመፈለግ ይልቅ ከተሜውን ወደ እርሻው መጥራት ተመረጠ። 85 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው መንገድ ላይ ያሉ መንደሮች ምልክት ተከሉ፣ የቤታቸውን በር ለእንግዳ ከፈቱ። በፈረንሳይ የአልዛስ አካባቢም እ.ኤ.አ. በ1953 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ተመሳሳይ መንገድ ተከፈተ። ዛሬ በግል መኪና የሚጓዝ ቤተሰብ ማለዳ ተነሥቶ ሁለት ሦስት ገበሬ ቤት ይቆማል፣ ይቀምሳል፣ ጥቂት ጠርሙስ ይገዛና ማታ ቤቱ ይገባል። ጠርሙሱ ላይ የመንደሩ ስም አለ። ገዥው ዋጋ የሚከፍለው ለመጠጡም ለስሙም ነው።

ኢትዮጵያም በዝዋይ አካባቢ ካለው እርሻ የሚመረት የወይን ጠጅ አላት፤ ምርቱ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ለቅዳሴ የሚሆነው የዘቢብ መጠጥ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ጥንታዊ ነው። የሰሜኑ ደጋ ነባር መጠጥ ግን ከማር የሚጣለው ጠጅ ነው። ቋንቋውም ይመሰክራል፤ አማርኛ ከወይን የሚሠራውን መጠጥ የሰየመው በጠጅ ለክቶ ‹‹ወይን ጠጅ›› ብሎ ነው። ስለዚህ ጥንታዊ የወይን አገር ማየት ለሚሻ መንገደኛ ዋግና ላስታ የራሳቸው መልስ አላቸው፤ ይኸውም የማር አገር ነው።

የዚህ መንገድ ታሪክ ከመነሻው ከማር ጋር የተያያዘ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበውት ስለታዩ ስሙ የንቦችን ምስክርነት ይዟል። ከላሊበላ ወደ ሰሜን ሲወጣ በዋሻ ውስጥ የታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስ ይገኛል። ቤተ ክርስቲያኑ ከላሊበላ ቀድሞ በነገሠው በይምርሐነ ክርስቶስ ስም ይጠራል። ቀጥሎ ብልባላ ይደርሳል። የብልባላ ጊዮርጊስ ውቅር ቤተ ክርስቲያን በግድግዳው ላይ ጎጆ በሠሩ ንቦች ይታወቃል፤ ምእመናን ማሩን ለፈውስ ይሹታል። እንግዳው የማር አገር መግባቱን ሌላ ሰው ሳይነግረው የሚያውቀው እዚህ ላይ ነው።

ከላስታ አልፎ መንገዱ ጋዝጊብላ ወረዳ ይገባል፤ ከዚህ ጀምሮ ምድሩ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ነው። የኽምጣና ቋንቋ የሚሰማበት፣ ደጋው ገብስና ስንዴ፣ ወደ ተከዜ የሚያዘቀዝቀው ቆላ ማሽላና ፍየል የሚታይበት አገር ነው። ለንብ አናቢው ይህ የአየር ጠባይ ልዩነት ሀብት ነው። የደጋው አደይ አበባ ሲያልፍ በሌላው ቀበሌ ግራሩ፣ ቁልቋሉ ወይም ወይራው ያብባል። ማሩም እንደ አበባው መልኩና ጣዕሙ ይለያያል። የወይን አገር ሰዎች በኮረብታ በኮረብታ ለይተው የሚሸጡት ይህንኑ ልዩነት ነው። በዋግ ግን የሁሉም ቀበሌ ማር በአንድ ጄሪካን ከተደባለቀ ስሙም ዋጋውም አብሮ ይጠፋል።

በዚህ መንገድ ላይ አንድ የንብ አናቢ ግቢ እንግዳ ለመቀበል ብዙ ወጪ አያስፈልገውም። ዋናው ጥንቃቄ ለደኅንነት ነው። የአገራችን ንብ ቁጡ ስለሆነ እንግዳ በቀን ቀፎ ሥር አይወሰድም። ባህላዊው፣ የሽግግሩና የፍሬም ቀፎው ከነልዩነታቸው የሚታዩት ንብ ባልገባባቸው ባዶ ቀፎዎች ነው፤ ንብ ያለባቸውን በአጥር ከተለየ ቦታ በርቀት ማሳየት ይቻላል። ሽቶ የተቀባና ጥቁር የለበሰ እንግዳ እንዳይጠጋ አስቀድሞ ይነገረዋል። ሁለት ሦስት ትርፍ የፊት መከለያ ቢኖር ደግሞ ይመረጣል። ከዚያ በኋላ ጥላ ሥር አግዳሚ፣ ንጹሕ ማንኪያ፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃና መጸዳጃ ቤት ካለ ቤቱ ዝግጁ ነው።

ሰቆጣ ከመግባት በፊት በከተማዋ አቅራቢያ ያለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ይጎበኛል። ከአንድ አለት የተፈለፈለው ይህ ቤተ ክርስቲያን የዋግ ሹሞች አስከሬን ያረፈበት ነው። የዋግ ሹምነት ከዛጉዌ ነገሥታት የዘር ሐረግ የሚቆጠር ጥንታዊ ማዕረግ ሲሆን፣ ዋግ ሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1871 ነግሠዋል። በዚያ ሥርዓት ገበሬው ማር ይገብር ነበር፤ ጠጅም በዋናነት የቤተ መንግሥትና የመኳንንት አዳራሽ መጠጥ ነበር። ዛሬ ማሩን የሚያመርተው ሰው ዋጋውን ራሱ መቁረጥ ይችላል። ለእንግዳው የሚነገረው ታሪክ ይህንንም ቢጨምር መልካም ነው።

የቀኑ መጨረሻ ሰቆጣ ላይ በብርሌ ይሆናል። ጠጅ የሚጣለው አንድ እጅ ማር በሦስት፣ በአራት ወይም በአምስት እጅ ውኃ ተበጥብጦ ነው። እንስራው ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ብጥብጡ ጥቂት ቀናት ከቆየ በኋላ ጌሾ ይገባበታል፣ ኋላም ይጠለላል። በቆላ ሙቀት ቶሎ፣ በደጋ ብርድ ዘግየት ብሎ ይደርሳል። እንግዳው ይህን ቆሞ ቢያይ ከመጠጡ የማይተናነስ ትምህርት ይዞ ይሄዳል። ለሹፌሩና ለማይጠጡት ብርዝ ይቀርባል፤ ብርዝ ያልፈላ የማር ውኃ ስለሆነ አያሰክርም። የጠጅ ቅምሻ ከመንገዱ መጨረሻ ላይ እንጂ ከመካከሉ እንዳይሆን ማድረግም ለተጓዡ ደኅንነት ይበጃል።

ጥቅሙን በቁጥር ማየት ይቻላል። ለምሳሌ በሳምንት ሦስት መኪና አንድ ግቢ ቢቆም፣ በእያንዳንዱ አራት ሰው ቢኖር፣ እያንዳንዱ አንድ ኪሎ ማር ቢገዛ በሳምንት 12 ኪሎ ይሆናል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት 12 ሳምንታት ደግሞ 144 ኪሎ ይሸጣል። አንድ የፍሬም ቀፎ በጥሩ አያያዝ በዓመት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይሰጣል ቢባል፣ ይህ ከ7 እስከ 10 የሚደርሱ ቀፎዎች ምርት ነው። ከባህላዊ ቀፎ የሚገኘው በአብዛኛው ከ5 እስከ 8 ኪሎ ስለሆነ በእርሱ ከተሰላ ቢያንስ 18 ቀፎ ይጠይቃል። ጭነት የለም፣ ደላላ የለም፣ ገዥው በር ላይ መጥቷል። ጊዜውም ይገጥማል፤ የጥቅምትና የኅዳር ማር ተቆርጦ ሲያበቃ ለገናና ለጥምቀት በዓል ወደ ላሊበላ የሚጎርፈው እንግዳ ይደርሳል።

ይህ ሁሉ የሚጸናው ግን ማሩ የታመነ ሲሆን ነው። በመንገድ ዳር የሚሸጥ ማር ላይ የከተሜው የመጀመሪያ ጥርጣሬ ‹‹ስኳር ተቀላቅሎበታል›› የሚል ነው። ማር ከቀዘቀዘ ሲረጋ ጥርጣሬው ይብሳል። መርጋት በራሱ የስኳር ምልክት አይደለም፤ ብዙ ንጹሕ የደጋ ማር በተፈጥሮው ይረጋል። ማሰሮውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ይመልሰዋል፤ እሳት ላይ መጣድ ግን ጣዕሙን ይገድለዋል። ይህን በአንድ ወረቀት ጽፎ ከማሩ ጋር መስጠት ሽያጭን ያድናል። በአንጻሩ አንድ ሰው በእርግጥ ስኳር ቀላቅሎ ቢሸጥና ቢታወቅበት፣ ስሙ የሚጠፋው የእርሱ ብቻ ሳይሆን የመንገዱ ሁሉ ነው።

ጥራት ከቆረጣ ይጀምራል። ከማር እንጀራው ቢያንስ ሦስት አራተኛው በሰም ሳይከደን የተቆረጠ ማር ውኃ ይበዛበታል፣ ቆይቶም ይፈላል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ የማር እርጥበት በአብዛኛው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። በየወረዳው አንድ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ቢኖር አናቢው ከመሸጡ በፊት ማሩን ማስለካት ይችላል። ጢስ ሲበዛ ሽታው ማሩ ላይ ይቀራል፤ ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት ጄሪካንም እንዲሁ ያበላሸዋል። ክዳኑ የሚገጥም ንጹሕ ዕቃ፣ በላዩም የቀበሌው ስም፣ የቆረጣው ወርና ክብደቱ የተጻፈበት ወረቀት ቢኖር ማሩ በዕቃው ብቻ ዋጋ ይጨምራል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ማሯን ወደ አውሮፓ ኅብረት ገበያ ለማስገባት ስትፈቀድ የተጠየቀችውም ይኸው የጥራት ቁጥጥርና የምርት መነሻ መታወቅ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ የንቦቹ ሕይወት ነው። ሰብል ሲያብብ በጠራራ ፀሐይ የሚረጭ የተባይ መድኃኒት የጎረቤትን ንብ ይጨርሳል። መርጨት ግድ ከሆነ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ አመሻሽ ላይ እንዲሆንና አናቢው አስቀድሞ እንዲነገረው የቀበሌው ልማት ሠራተኛ ማስተባበር ይችላል። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ተከልሎ ያገገመ ተራራ ለሣርም ለንብም ይሆናል። መሬት የሌላቸው ወጣቶች ተደራጅተው በተከለለው ቦታ ንብ ሲያንቡ ክልሉን የሚጠብቁት በማስገደድ ሳይሆን በጥቅማቸው ነው። በበጋ ደግሞ ከቀፎው አቅራቢያ ጠጠር የተጨመረበት ገበታ ውኃ ማስቀመጥ ንቧ ሳትሰጥም እንድትጠጣ ይረዳታል።

ዋግ ኽምራ ያለፉትን ዓመታት በቀላሉ አላለፈችም። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ሕዝቡን አፈናቅሏል፣ የእንግዳ መንገድንም ዘግቷል። ድርቅ በተደጋጋሚ ጎድቷታል። ሕፃናት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሚደርስባቸውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው አገራዊ ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም መጠራቱ የችግሩን ክብደት ያሳያል። ማር የድርቅ መድኃኒት አይደለም፤ ዝናብ ሲጠፋ አበባም ይጠፋል። ነገር ግን ሰፊ መሬት የማይፈልግ፣ ሴቶችም በጓሯቸው ሊይዙት የሚችሉ፣ ለምግብ መግዣ ጥሬ ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ ነው።

ስለዚህ የመንገዱ ሥራ የሚጀመረው ከትንሹ ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት በየመንገዱ ለእንግዳ የሚሆኑ ሁለት ሦስት ግቢዎችን ከአናቢዎች ጋር መርጦ ስለ ጥራትና ደኅንነት ሥልጠና ይሰጣል። የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ከላሊበላ አስጎብኝዎችና ሹፌሮች ጋር ተነጋግሮ መቆሚያዎቹን ያሳውቃል፣ ምልክት ይተክላል። የሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል በየአካባቢው የንብ ዕፅዋትና በማሩ ጠባይ ላይ ያለውን ዕውቀት ለእነዚህ ግቢዎች ሊያካፍል ይችላል። ዩኒየንና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ንጹሕ ዕቃ በጅምላ ገዝተው ያቀርባሉ። ዋጋው ለአገር ሰውም ለውጭ እንግዳም አንድ ሆኖ ይለጠፋል። የመንገዱ ሰላም ደግሞ የሁሉም ኃላፊነት ነው።

የሚቀጥለው የማር ቆረጣ እስኪደርስ ይህን ለማሰናዳት ጊዜ አለ። በመጪው ኅዳር በዚህ መንገድ የሚያልፍ መኪና አንድ ግቢ በር ላይ ‹‹የዚህ ቀበሌ ማር›› የሚል ሰሌዳ አይቶ ፍሬን ከያዘ፣ ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው።