በገዛ እጃቸው የአሉሚኒየም ጀልባ ለሚሠሩ ሰዎች የሚጠቅም ምክር

በጣና ሐይቅ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ዓሣ ሲያጠምድና እንጨት ሲያመላልስ ኖሯል። ደንገል ቀላልና በአገር የሚበቅል ነው፤ ነገር ግን ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድና ስለሚበሰብስ ታንኳውን በየጥቂት ወሩ መለወጥ ግድ ይሆናል። ስለዚህ በሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ብዙ ዓመት የሚያገለግል የአሉሚኒየም ጀልባ ለመሥራት ቢያስብ አያስደንቅም። ዳሩ ግን የማይዘነጋ ልዩነት አለ፤ የደንገል ታንኳ ውሃ ቢሞላበትም ይንሳፈፋል፤ የአሉሚኒየም ጀልባ ግን መንሳፈፊያ ካልተደረገለት ውሃ የሞላበት እንደ ሆነ ይሰጥማል። ስለዚህ ሠሪው ሥራውን ከመጀመሩ፣ የወረዳው ሹምም ጀልባው ውሃ ላይ ከመውረዱ አስቀድሞ የሚከተለውን ማስተዋል ይገባቸዋል።

አሉሚኒየም በ1878 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1886) አሜሪካዊው ቻርልስ ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ በኤሌክትሪክ የማውጣቱን ዘዴ ካገኙ ወዲህ ዋጋው የረከሰ ማዕድን ነው። ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር የሆነ አንድ ካሬ ሜትር የብረት ላሜራ 23 ኪሎ ተኩል ያህል ሲመዝን፣ የአሉሚኒየሙ 8 ኪሎ ያህል ብቻ ይመዝናል። እንደ ብረትም አይዝግም፤ ይኸውም አየር ሲነካው ገላውን የሚሸፍን ስስ ቅርፊት ስለሚያወጣ ነው። የዚህ ጀልባ ዕድሜ ሁሉ በዚህ ቅርፊት መጠበቅ ላይ የቆመ ነው።

1ኛ፤ ስለ ላሜራው ምርጫ። አሉሚኒየም ሁሉ ለጀልባ አይሆንም። ለውሃ የሚስማማው ማግኔዚየም የተቀላቀለበት፣ በቁጥር 5052፣ 5083 ወይም 5086 ተብሎ የሚታወቀው ነው። ለአውሮፕላን የሚሠራው 2024 መዳብ ስላለበት ውሃ ይበላዋል፤ ለብየዳም አይመችም። 6061 የተባለው ለማገር ይሆናል፤ ነገር ግን የብየዳው እሳት የነካው ስፍራ ግማሽ ያህል ጥንካሬውን ያጣልና መገጣጠሚያውን ብዙ ሸክም በሚያርፍበት ስፍራ ማድረግ አይገባም።

2ኛ፤ ስለ ብየዳ። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ቅርፊቱ ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይቀልጥም። ስለዚህ በያጁ ቅርፊቱን ሳያነሣ ቢበይድ፣ ውጭው ያማረ ውስጡ ግን ያልተያያዘ ሥራ ይሆንበታል። አስቀድሞ ቅባቱን ማጠብ፣ ቀጥሎ ሌላ ብረት ባልነካ የማይዝግ የሽቦ ብሩሽ መፈተግ፣ ከዚያም ነፋስ በሌለበት ቤት በአርጎን ጋዝ መበየድ ይገባል። ብየዳው ሲያልቅ በአንድ ወገን በውሃ የተበጠበጠ ጠመኔ ቀብቶ ማድረቅ፣ በሌላው ወገን ነጭ ጋዝ መቀባት ነው፤ ቀዳዳ ካለ ጋዙ ዘልቆ በጠመኔው ላይ እድፍ ሆኖ ይታያል።

3ኛ፤ ስለሚጎዱት ነገሮች። መዳብና ነሐስ በውሃ ውስጥ ከአሉሚኒየም ጋር ሲነካኩ አሉሚኒየሙን ይበሉታል፤ ስለዚህ የነሐስ ቡሎንና መዳብ ያለበት ቀለም የተከለከሉ ናቸው። የማይዝግ ብረት ቡሎንም ቢሆን በመካከሉ ፕላስቲክ ወይም ጎማ ይደረግበት። ለአትክልት በሽታ የሚረጨው የመዳብ መድኃኒት፣ እንዲሁም ኖራ፣ ሲሚንቶና አመድ በጀልባው ሆድ ውስጥ ፈስሰው እርጥበት ካገኙ ቅርፊቱን ያፈርሱታል፤ የፈሰሰ ቢኖር ወዲያው በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት። እንደ አብያታና ሻላ ባሉ ሶዳ በበዛባቸው ሐይቆች ግን ውሃው ራሱ ቅርፊቱን ስለሚያጠቃ ያልተቀባ የአሉሚኒየም ጀልባ እዚያ ማቆየት አይገባም።

4ኛ፤ ስለ መንሳፈፊያ። 120 ኪሎ የሚመዝን ጀልባ ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ 75 ኪሎ ያህል ክብደት ይቀርለታል፤ በዚህ ላይ 40 ኪሎ ሞተር ቢጨመር 115 ኪሎ ይሆናል። አንድ ሊትር ባዶ ስፍራ አንድ ኪሎ ያህል ስለሚያነሣ፣ ጀልባው እንዳይሰጥም ብቻ ከ115 ሊትር የማያንስ ውሃ የማይጠጣ ፎም ያስፈልገዋል፤ ሰዎቹም ይዘውት ይቆዩ ዘንድ ከዚህ ማብዛት ይገባል። ፎሙ በሁለቱ ጎን ወደ ላይ ከፍ ብሎ ቢታሰር ጀልባው አይገለበጥም፤ ከሥሩም ውሃ እንዳይታቆር መውረጃ ይተውለት።

እንግዲህ ሹሙ ሠሪውን የላሜራው ቁጥር ስንት እንደ ሆነ ይጠይቀው፤ የጠመኔውንም ፈተና በፊቱ ያሠራው። ከዚህም በኋላ ጀልባውን በዳር፣ ጥልቀት በሌለው ስፍራ፣ ሰው ሳይኖርበት ውሃ ያስሞላው። ውሃ ሞልቶት የተንሳፈፈ ጀልባ ሰው ሊጫንበት ይችላል፤ የሰጠመው ግን ወደ ሠሪው ይመለስ። የአንድ ቀን ፈተና የብዙ ቤተ ሰብ ኀዘን ያስቀራልና።