ወረፋ፥ ቀጠሮና ልኬት፦ የኢሜይል ሰርቨርን ለመከታተል የሚያገለግሉ ቃላት አሰያየም

የኢሜይል ደብዳቤ ከላኪው እንደ ወጣ ወዲያውኑ ከተቀባዩ ዘንድ የሚደርስ ይመስላል። በአሠራሩ ግን ደብዳቤው በመጀመሪያ የሚገባው ላኪውን በሚያገለግለው ሰርቨር ውስጥ ነው፤ የተቀባዩ ሰርቨር እስኪረከበውም ድረስ በዚያው ይቆያል። ባለሙያዎች ይህን የቆይታ ስፍራ «ኪው» ይሉታል። ሰርቨሩ በደኅና መሥራቱን ለማወቅ የስፍራውን ሁኔታ በየጊዜው በአኃዝ እየመዘገበ የሚያከማች ፕሮግራም ይተከላል። ይህ ጽሑፍ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ቃላት በአማርኛ እንዴት ቢሰየሙ እንደሚሻልና የቃል ምርጫው በተጠቃሚው ላይ የሚያስከትለውን ውጤት ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ሀ. ሰልፍ፥ ተራ ወይስ ወረፋ?

ለ«ኪው» አቻ ሆነው የሚቀርቡት ቃላት ሦስት ናቸው። ልዩነታቸውን ለመረዳት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፥ ከዚያም በደጋን አልፎ ወደ ባቲ የሚወስደውን መንገድ በምሳሌነት እንውሰድ። በመናኸሪያ መኪኖቹ የሚጫኑት በ«ተራ» ነው፤ ይህንንም የሚቈጣጠረው ሰው «ተራ አስከባሪ» ይባላል። ተሳፋሪዎች ፊትና ኋላ ሆነው ቢቆሙ «ሰልፍ» ይዘዋል እንላለን። ወደ ደጋን የሚሄድ መንገደኛ ግን አጠገቡ ያለውን ሰው «ወረፋ ያዝልኝ» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ይችላል፤ ከቦታው ባይኖርም ወረፋው አልጠፋም።

ከዚህ እንደምንረዳው «ሰልፍ» በአካል ተሰልፎ መቆምን ይጠይቃል፤ ከግእዙ የወረሰው የጦር አሰላለፍ ትርጕምም ገና አልለቀቀውም። «ተራ» ቅደም ተከተልን አጥብቆ ያመለክታል። «ወረፋ» የሚገልጸው ግን ተመዝግቦ የመጠበቅን መብት ነው። በኢሜይል ሰርቨር ውስጥ የኋለኛው ደብዳቤ የፊተኛውን ቀድሞ ሊሄድ ይችላል፤ የአንዱ ተቀባይ ሰርቨር ዝግ ቢሆን ለሌላው የተጻፈው አይታገድም። ስለዚህ «የኢሜይል ወረፋ» የሚለውን መርጠናል።

ለ. ተመላሽና ባለቀጠሮ

በ1998 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ፖስትፊክስ የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ወረፋውን በክፍል በክፍል ይይዛል። ከእነዚህም ዋናዎቹ አዲስ የገቡት፥ በመላክ ላይ ያሉት፥ በአስተዳዳሪው ትእዛዝ የታገዱትና ለጊዜው ሳይሳካላቸው ቀርተው እንደገና የሚሞከሩት ናቸው። እነዚህን በየተራቸው «የገቢ ወረፋ»፥ «የሥራ ላይ ወረፋ»፥ «የእገዳ ወረፋ» እና «የቀጠሮ ወረፋ» ብለን ሰይመናል። «ቀጠሮ» የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ ያልተሳካ ደብዳቤ የሚቀጥለው ሙከራ ሰዓት ይወሰንለታል፤ ሙከራው በከሸፈ ቍጥርም የቀጠሮው ርቀት እስከ ተወሰነ ልክ ይጨምራል።

ቀጠሮውም ማብቂያ አለው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢሜይል ማስተላለፊያ ደንብ ላኪው ሰርቨር ተስፋ ከመቍረጡ በፊት በጠቅላላው ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን እንዲሞክር ይመክራል፤ ፖስትፊክስም ሌላ ካልታዘዘ 5 ቀን ይሞክራል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ለላኪው «ተመላሽ» ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ በነበሩበትና የመገናኛ መስመር በተቋረጠበት ወቅት፥ በዚያው ለተተከለ ሰርቨር የተላከ ደብዳቤ ቢኖር፥ በዚህ ደንብ መሠረት ዕጣው ከቀጠሮ ወደ ተመላሽነት መሻገር ነበር።

የተርጓሚው ኀላፊነት ጐልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሰርቨሩ «ገና በመሞከር ላይ ነኝ» ለማለት የሚልከው ማስታወቂያ «ደብዳቤዎ አልተላከም» ተብሎ ቢተረጐም፥ ላኪው ዳግመኛ ይልካል፤ የክፍያ ትእዛዝ ከሆነ ሁለት ጊዜ ይደርሳል። በአንጻሩ የተመላሽ ማስታወቂያ «ደብዳቤዎ ዘግይቷል» ቢባል፥ ለሥራ ያመለከተው ሰው ከቶ የማይደርሰውን ደብዳቤ ደረሰ ብሎ ሲጠብቅ የማመልከቻው ቀን ያልፍበታል።

ሐ. መለኪያ፥ ልኬትና ቆጣሪ

በአማርኛ የቃል አመሠራረት «መለኪያ» የመሣሪያ ስም ነው፤ በመሣሪያው የተገኘው ውጤት ግን «ልኬት» ነው። ስለዚህ አኃዙን «ልኬት»፥ አኃዙን የሚያጠራቅመውን ፕሮግራም «ልኬት ሰብሳቢ» እንላለን። «ሰብሳቢ» ብቻውን ሲቆም የስብሰባ መሪን ስለሚያመለክት፥ እንደ «ግብር ሰብሳቢ» ሁሉ ከሚሰበሰበው ነገር ስም ጋር ይነገር። ከልኬት ሰብሳቢዎች አንዱ «ቴሌግራፍ» ይባላል፤ ከጥንቱ የሽቦ መልእክት ጋር እንዳይምታታ «ቴሌግራፍ የተባለው ፕሮግራም» ተብሎ ይጻፍ።

ልኬቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ሰርቨሩ ከተነሣ ጀምሮ የላካቸው ደብዳቤዎች ድምር እየጨመረ ብቻ ይሄዳል፤ ይህም በየቤቱ እንደምናውቀው የመብራት ቆጣሪ ስለሆነ «ቆጣሪ» ይባል። በወረፋ ላይ ያሉት ደብዳቤዎች ብዛት ግን፥ በገንዳ ውስጥ እንዳለ ውሃ፥ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይህን «የወቅቱ ልኬት» ብለነዋል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው «የወረፋ ርዝመት» የሚለው አነጋገር ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ረጅም ወረፋ» ሲል ብዙ ሰው አለ ማለቱም፥ ብዙ ሰዓት ያስጠብቃል ማለቱም ሊሆን ይችላል። በሰርቨር ግን ሁለቱ ይለያያሉ። 1,000 ደብዳቤዎች ያሉበት ወረፋ እያንዳንዱን በጥቂት ሴኮንድ የሚያሳልፍ ከሆነ ጤናማ ነው፤ 10 ደብዳቤዎች ብቻ ያሉበት ወረፋ ሁለት ቀን ያልተንቀሳቀሰ ከሆነ ታሟል። ስለዚህ «የወረፋ ብዛት» እና «የወረፋ ቆይታ» በሚሉ ሁለት ስሞች እንዲለዩ እናሳስባለን። ቆይታ ስንል ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ገና ያልወጣው ደብዳቤ የጠበቀበት ጊዜ ነው።

መ. ክትትልና ቍጥጥር

በመሥሪያ ቤት ጽሑፎች «ክትትልና ቍጥጥር» እንደ አንድ ቃል ተጣምረው መነገራቸው የተለመደ ነው። ለዚህ ሥራ ግን ተነጣጥለው መቆም አለባቸው። ልኬት ሰብሳቢው አይቶ ይመዘግባል እንጂ ደብዳቤን አያግድም፥ አይሰርዝምም፤ ስለዚህ ሥራው «ክትትል» ነው። ደብዳቤውን ማገድና መልቀቅ የአስተዳዳሪው «ቍጥጥር» ነው። አንድ መመሪያ ሰብሳቢው «ይቈጣጠራል» ቢል፥ አንባቢው ወረፋው በራሱ የሚስተካከል መስሎት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ቀጠሮው ግን 5 ቀኑን ቈጥሮ ያበቃል።

እነዚህ ስሞች በተርጓሚዎችና በሰርቨር አስተዳዳሪዎች ብዕር ሲፈተኑ ይጠናሉ ወይም ይሻሻላሉ። የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ቃሉን በዐረፍተ ነገር አስገብቶ ቢልክልን፥ ከእነዚህ ጋር አስተያይተን ለመመርመር ዝግጁ ነን።